ትኩሳት የሚያውቅ እጅ

ስለ ፓኔል አጣቢዋ ልጽፍ ስነሳ ከእሷ እጅ ልጀምር ወይስ ከእኔ ጥፋት የሚለው ብዙ ቀን አከራከረኝ። ከጥፋቴ ከጀመርኩ የሚያነበኝ ሰው ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ ከእጇ ልጀምር።

እጇ ትንሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሚውል የጣቶቿ ጫፍ ተጨማዶ የአሮጊት ጣት መስሏል፤ እሷ ግን ያን ጊዜ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላትም። የእጇ ጀርባ ለስላሳ ነው። ሥራዋ መስታወት ማጠብ ይሁን እንጂ የሚያስደንቀው ማጠቧ ሳይሆን ካጠበች በኋላ የምታደርገው ነገር ነው።

እኔ በፀሐይ ኃይል ማመንጫው የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ አስራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ግቢው ውስጥ አርባ ሁለት ሺህ ፓኔል አለ። ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ሲታይ ስብሰባ የተጠራ ሕዝብ ይመስላል፤ የጠፋው ተናጋሪው ብቻ ነው። አቧራ ከለበሱ ሥራ ስለሚለግሙ ስምንት ሴቶች ያጥቧቸዋል። የሚታጠቡትም ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ፀሐይ የመታው መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበት ጧ ብሎ ይሰነጠቃልና። የውሃ ቦቴው ከፊት እየሄደ፣ ሴቶቹ ረጅም እጀታ ያለው ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ከኋላ እየተከተሉ፣ ሰማዩ እስኪቀላ ድረስ ይሠራሉ።

ከዚያ ፀሐይ ወጥታ ፓኔሎቹ ሲሞቁ ሌሎቹ ጥላ ፈልገው አረፍ ይላሉ። እሷ ግን ትመለሳለች። እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካ በእጇ ጀርባ እያንዳንዱን ፓኔል ነካ ነካ እያደረገች በሰልፎቹ መሃል ትሄዳለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ ደግማ ትነካዋለች፤ ከዚያ ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ ጥጉ ላይ ምልክት ታደርጋለች።

«ይሄ ትኩሳት አለው» ትላለች።

የማመንጫው መሐንዲስ መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀባት። ገና ወጣት ነው፤ ፀጉሩን በጊዜ ከመጨረሱ በቀር ምንም እንከን አይወጣለትም። «እህቴ፣ ይሄ በእጅ የሚለካ ነገር አይደለም» አላት። እሷም አልተከራከረችም፤ ጠመኔዋን ይዛ ቀጠለች። ከወራት በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ላከ። እሷ አስራ አንድ ፓኔል ላይ ምልክት አድርጋ ነበር፤ ካሜራው አስሩን በሽተኛ ናቸው አለ። አስራ አንደኛው ወሩን ሳይጨርስ ተበላሸ። መሐንዲሱ ራሰ በራውን እያሻሸ መጥቶ፣ ጤነኛው ፓኔል ከፀሐይ የተቀበለውን ወደ ሽቦው እንደሚልክ፣ የታመመው ግን መላክ አቅቶት እዚያው ይዞት እንደሚግል አስረዳኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ዶክተሯ» ሆነ።

የእኔ ቅጽል ስም ደግሞ «አጥፋው» ነው። ያወጡልኝ ሠራተኞቹ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ያደግኩት ለሰባት ሰው አንዲት ኩራዝ በምትበራበት ቤት ነው። እናቴ ጨዋታችን ሳያልቅ «አጥፋው፣ ጋዙ አለቀ!» ትል ነበር። እስከ ዛሬ በምኖርበት ቤት ኤሌክትሪክ የለም፤ በሰፈሩም የለም። ከማመንጫው የሚነሳው ከባዱ ሽቦ በጣሪያችን ላይ አልፎ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል፤ ከዚያም አልፎ ለጎረቤት አገር ይሸጣል ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት የእኛ ሰፈር ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ማመንጫ ውስጥ ሲቀጠር ምን ያደርጋል? የሚበራ ነገር ባየ ቁጥር ያጠፋል። የኮሪደሩን፣ የመጋዘኑን፣ የመጸዳጃ ቤቱን፤ ማንም ሳያዘኝ።

«ጋሼ፣ የምናመነጨው እኮ እኛው ነን» ይለኛል መሐንዲሱ።

«ብታመነጩስ! ማመንጨት ሌላ፣ ማባከን ሌላ» እለዋለሁ።

አጣቢዋ የመሐንዲሱን ቢሮም ታጸዳ ነበር። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል፤ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከውሃ ከሚገኘው ኃይል ለየአገሩ ሰው በነፍስ ወከፍ ምን ያህል እንደሚደርሰው በአረንጓዴ ዓምድ ያሳያል። የአንዳንዱ አገር ዓምድ ከወረቀቱ አናት ሊወጣ ምንም አልቀረው። አንድ ቀን እኔም እዚያው ሳለሁ መስታወቱን እየወለወለች «የእኛ የቱ ነው?» ስትል ጠየቀች። መሐንዲሱ ተነስቶ ከታች ጥጉ ላይ አንዲት ጭረት አሳያት።

«ይቺ?» አለች። «የዝንብ ኩስ መስላኝ እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ ላስለቅቃት ስታገል ነበር!»

መሐንዲሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ እሷ ጭረቷን ደግማ አየቻት።

«ፀሐይ የሚበዛው ግን እነሱ ጋ ነው እኛ ጋ?» አለች።

«እኛ ጋ» አለ መሐንዲሱ። «ፀሐይዋ በነፃ ናት። የሚወደደው መያዣው ነው።»

«እንደ ዝናብ ማለት ነዋ። ለሁሉም ይዘንባል፤ የሚያጠራቅመው በርሜል ያለው ነው።»

እንግዲህ ወደ ባሏ ልለፍ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ቀጭን፣ ወሬ የማያልቅበት፣ ሰው ሱሪ ሲያስለካ ሆዱን እስኪይዝ የሚያስቅ ሰው ነው። ልጅ አልወለዱም። ሃያ ሁለት ዓመት ሁለቱ ብቻቸውን ሲኖሩ አንዱ ለሌላው ልጅም ወላጅም ሆነው ቀርተዋል። እሷ በጠዋት ከቤት ስትወጣ በእጇ ጀርባ ግንባሩን ነክታ ነው የምትወጣው። ያን የእጅ ልማድ ከየት እንዳመጣችው ያወቅኩት ይህን ሳይ ነው።

የሚታመመው ስኳር ነው። «ምን ላድርግ፣ ከእሷ ጋር ስኖር ጣፍጬ ነው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል። «ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስወጋ እውላለሁ፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ መርፌው ይበቀለኛል» ሲልም ሰምቼዋለሁ።

መድኃኒቱ የሚመጣው የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቀው ጤና ጣቢያ ነው፤ በወር ሁለት ብልቃጥ። ሙቀት አይወድም። እነሱ ደግሞ ፍሪጅ የላቸውም፤ ቢኖራቸውስ በምን ሊሠራ? አንዱን ሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ ከትተው፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልተው፣ ብልቃጦቹን እዚያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በቀዝቃዛው ወራት ይበቃል። በበጋ ግን አሸዋው እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርቃል። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ልብስ ሰፊው ራሱን ስቶ ወድቆ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ነርሷ ለሚስቱ የነገረቻት ቃል ይህ ነው፦ «ሙቀት የነካው ኢንሱሊን ውሃ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ላትደርሺለት ትችያለሽ።»

በጋው ሲቃረብ አጣቢዋ ወደ መጋዘኑ መጣች። ከመጋዘኑ ጀርባ የተሰነጠቁና የደከሙ ፓኔሎች በግንባራቸው ተደፍተው ተደርድረዋል። ፊታቸው ወደ ሰማይ ከሆነ ተሰንጥቀውም ማመንጨታቸውን አይተዉም፤ ሰው እንዳይነዝሩ ነው የምንደፋቸው።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ አንዱን ቢሰጡኝ» አለች። «ለባሌ መድኃኒት ነው። የትም አይደርሱም፤ ተደፍተው ነው የሚኖሩት።»

«የሚወገድ ንብረት የሚወጣው የማስወገጃ ኮሚቴው ሲወስን ነው ልጄ» አልኳት።

«መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

ኮሚቴው ከተሰበሰበ አራት ዓመቱ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም። «ሲሰበሰብ አሳውቅሻለሁ» አልኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። እሷ «እሺ ጋሼ» ብላ ብሩሿን አንስታ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያን «እሺ» እስከ አሁን እሰማዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን በጊዜው አላወቅኩም። ወደ መሐንዲሱ ሄዳ ነገረችው። እሱ ፓኔሉን በራሱ ማውጣት ባይችልም ቢሮው ውስጥ ለእንግዶች ውሃ የተቀመጠች ትንሽ ፍሪጅ አለች። «መድኃኒቱን ከውሃው ጀርባ ደብቀሽ አስቀምጪው» አላት። «ለአጥፋው ግን እንዳትነግሪው፤ ቅጽ ሙይ ይልሻል።» እሷም እንደተባለችው አደረገች። ለአራት አምስት ቀን የሚበቃውን በትንሽ ብልቃጥ እየቀነሰች ቤት ትወስዳለች፤ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል።

መሐንዲሱም እሷም ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ቢሮው ሲዘጋ በመጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። ስወጣ ፍሪጇን አጠፋታለሁ። እሁድ እንግዳ የለም፤ ታዲያ ሁለት ቀን ለማን ብላ መብራት ትብላ? ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ አበራታለሁ። ሰው ሲገባ ውሃው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። አስራ አራት ዓመት እንዲህ ሳደርግ ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም፤ እንዲያውም በልቤ እኮራበት ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ቢሮው ቆርቆሮ ነው። በበጋ ተዘግቶ ሲውል ውስጡ ምጣድ ይሆናል።

ሳምንታት አለፉ። ልብስ ሰፊው መክሳት ጀመረ። ውሃ ይጠማዋል፤ ዓይኑ ክር ማስገባት አቃተው። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ደሙን ለክታ ፊቷን አጨማደደች። «መድኃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው?» «ፍሪጅ ውስጥ» አለች ሚስት፣ ኮራ ብላ። «እንግዲያው ጣፋጭ ነገር ተደብቆ ይበላል» አለች ነርሷ። «ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ ሚስት ስትወጣ ስኳሩ ላይ ነው የሚወጡት።»

ባል «እናቴ ትሙት አልበላሁም» አለ። ሚስት አመነችው፤ ለአንድ ሳምንት ያህል። እሱ ግን ባሰበት። አንድ ቀን ከመኪናው አጠገብ ከተሰቀለ ሱሪ ኪስ የከረሜላ ወረቀት አገኘች። «የደንበኛ ሱሪ እኮ ነው፣ ኪሱን እንድጠግን ነው የመጣልኝ» አለ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እሱ ሲስቅ እሷ ሳትስቅ የቀረችበት የመጀመሪያ ቀን ነው ብሎኛል በኋላ።

ከዚያ በኋላ የስኳሩን ቆርቆሮ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ሥራ መምጣት ጀመረች። እኔ ራሴ አየሁት።

«ምነው፣ ስኳር ተሸክመሽ?» አልኳት።

«ከሌባ ላስጥለው ብዬ ነው» አለችኝ ዓይኔን ሳታየኝ።

እኔ አይጥ መስሎኝ ወጥመድ ላውስሽ አልኳት።

አንድ እሁድ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ወደቀ። ጎረቤቶች በጭነት መኪና ጤና ጣቢያ አደረሱት። ነርሷ «የምትወጋው መድኃኒት ይምጣና ልየው» አለች። ሚስት ማታውን ተመልሳ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ማመንጫው በር ላይ ደረሰች፤ ዘበኛው ቢሮውን ከፈተላት።

እኔ እንደ ልማዴ ፍሪጇን ላበራ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የፍሪጇ በር ተከፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። የእንግዶቹ ውሃ በዙሪያዋ ተዘርግፏል። ሁለት ብልቃጥ ጭኗ ላይ ይዛለች።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

ማመንጫ ውስጥ መብራት አይጠፋም። እሷም ታውቃለች።

«አልጠፋም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ። ቅዳሜ አጥፍቼ ሰኞ አበራታለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ብልቃጦቹን አየሁ። ስድቧንም እርግማኗንም ልቀበል ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። እሷ አንዱን ብልቃጥ አንስታ በእጇ ጀርባ ላይ አሳረፈችው፤ ረጅም ጊዜ ያዘችው።

«እንግዲያው አልበላም» አለች።

«ምኑን?»

«ስኳሩን! አልበላም። ጋሼ፣ እውነቱን ነው! ባሌ እውነቱን ነበር የሚነግረኝ!»

ተነስታ አቀፈችኝ። የባሏን መድኃኒት ያበላሸሁትን እኔን አቅፋ ከአንጀቷ አለቀሰች። ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ ባሏ ሞት አፋፍ ላይ ተኝቶ «አልዋሸኝም» ብላ በደስታ የምታለቅስ ሴት ግን አላየሁም። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔው የእፍረት ነበር።

መሐንዲሱ መኪናውን አስነሳና ሦስታችንም ሄድን። ነርሷ ብልቃጦቹን አይታ ጣለቻቸው፤ አዲስ መድኃኒት ተጀመረ። ልብስ ሰፊው ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ተኝቷል። ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ የሆነውን ነገረችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የስኳሩን ቆርቆሮ አውጥታ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ኧረ ይሄን ከዚህ አንሱልኝ!» ብላ ጮኸች ነርሷ።

«ይቅር በለኝ» አለች ሚስት ነርሷን ሳትሰማ።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ እሱ በቀጭን ድምፅ። «የሰው ጨርቅ ቁራጭ እንኳ አስቀርቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«አላወቅሽም።»

«አሁን አወቅኩ» አለች። እጁን ዘርግቶ የተጨማደዱ ጣቶቿን ያዘ፤ እንደያዛቸውም እንቅልፍ ወሰደው።

ማታ ሲነቃ ወደ አልጋው ቀረብ ብዬ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ያ ሰውን ሁሉ የሚያስቅ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እውነቱን ነው።

በማግስቱ መጋዘኑን ከፍቼ አጣቢዋን ጠራኋት። መሐንዲሱ «ኮሚቴው ሳይሰበሰብ?» ቢለኝ «አራት ዓመት ጠብቀነዋል፤ ይበቃዋል» አልኩት። ከክምሩ ውስጥ አንዲት ጭረት የሌለበት የሚያምር ፓኔል መርጬ ሰጠኋት። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉን በመልኩ ነው የሚመዝነው። እሷ ገለበጠችውና ጥጉ ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት አሳየችኝ። «ይሄን በትኩሳት ነው ያስወጣሁት ጋሼ፤ መልኩ ብቻ ነው የቀረው።» ከሥር ገብታ መስታወቷ የሸረሪት ድር የመሰለ አንዲት አስቀያሚ ጎተተች። «ይቺን ድንጋይ ነው የሰነጠቃት። ትኩሳት ኖሯት አያውቅም።» እያንዳንዱን በሽተኛዋን ታስታውሳለች።

መዝገቡ ላይ «የወጣበት ምክንያት» በሚለው ቦታ «የመጋዘን ኃላፊው ጥፋት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። መሐንዲሱ ስንጥቁን ውሃ እንዳያስገባ ሸፈነው፤ ከአሮጌ ከባድ መኪና ባትሪ ፈልጎ አመጣ፤ ለእንግዶች ትልቅ ፍሪጅ አስመጥቶ ትንሿን ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ላካት። እሷም ማመንጫው ውስጥ አጥባ ስትጨርስ ቤቷ ጣሪያ ላይ ወጥታ የራሷን የምታጥብ ሆነች። በሰፈራችን ካለው ፓኔል ሁሉ ይበልጥ የሚያብረቀርቀው የእሷ ነው፤ ሌላ ስለሌለ።

ልብስ ሰፊው ቤት ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እሁድ ነበር። እሱ በረንዳው ላይ መኪናውን እየረገጠ ነው፤ ሥጋ ገብቶለታል። «ይግቡ» አለኝ ከስፌቱ ቀና ሳይል። ሻይ ቀረበልን፤ የእኔ በስኳር፣ የእሱ ያለ ስኳር። ፍሪጇ ጥግ ላይ ቆማ ታጉረመርማለች። ሚስቱ ልትሸኘኝ ተነሳች። በሩ ጋ ስደርስ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ሳላስበው፣ እጄ በራሷ ጊዜ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ጣቶቼ ጨርቅ ነኩ።

የፍሪጇ ማብሪያ ማጥፊያ በልኩ የተሰፋ ሰማያዊ ልባስ ለብሷል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ቀይ የልብስ ቁልፍ አለችበት። ዞር ስል ወደ ሥራው የተመለሰው ልብስ ሰፊ ከበረንዳው ያየኛል። ሁለት ወር ሙሉ የነፈገኝ ሳቅ ከንፈሩ ላይ መጥቷል።

«የእርስዎ ነው ጋሼ» አለኝ። «አንድ ቀን እንደሚመጡ አውቄ ነው የሰፋሁት። የቁልፏን ቀዳዳ ጠበብ አድርጌያታለሁ፤ ቁልፏን እስኪፈቱ መድኃኒቱ ትዝ ይልዎታል።»